ከእንቁላል ካርቶን የሚነጠፍ ድንጋይ

አንድ ሰው እውነተኛ ግራናይት በስሱ አስቆርጦ በአሻንጉሊት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ቢያነጥፈው፣ ወለሉ ድንጋይ አይመስልም። ከእንቁላል መያዣ ካርቶን ተቆርጦ ቀለም የተቀባ ወለል በአጠገቡ ቢቀመጥ ግን ዐይን ሳይጠራጠር ሁለተኛውን ድንጋይ ነው ብሎ ይቀበላል። ይህ ለጀማሪ ግር የሚል ነገር ነው፤ ሥራውን የለመዱትም ብዙ ጊዜ «እንዲህ ሲሆን ያምራል» ብለው ያልፉታል። ምክንያቱ ግን በቁጥር ሊነገር የሚችል ነው። በትንሽ ቤት ውስጥ የአንድን ወለል እውነተኛነት የሚወስነው ወለሉ ከምን ተሠራ የሚለው ሳይሆን፣ በገጹ ላይ ያለው ቅንጣት ከቤቱ ልክ ጋር አብሮ አነሰ ወይስ አላነሰም የሚለው ነው። ይህን የተረዳ ሰው የትኛውን ቁስ መምረጥ፣ በየት በኩል መቀባት፣ የት ላይ መተው እንዳለበት ራሱ ሊደርስበት ይችላል።

የአሻንጉሊት ቤት ሲባል ልጆች የሚጫወቱበት የፕላስቲክ ሳጥን ብቻ የሚታየው ሰው ይኖራል። በአውሮፓ ግን ነገሩ ከጥንትም የአዋቂዎች ነበር። በአምስተርዳም ራይክስሙዚየም የሚታየው የፔትሮኔላ ኦርትማን ቤት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃና በ18ኛው መባቻ የተሠራ ሲሆን፣ ባለቤቲቱ ለውስጡ የሚሆኑ ጥቃቅን የፖርሴሊን ዕቃዎችን ከቻይና ድረስ አስመጥታለች። በእንግሊዝ ዊንድሰር ቤተ መንግሥት ያለውን የንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤት የነደፈው አርክቴክቱ ኤድዊን ለቲንስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1924 ድረስ 1,500 ያህል ባለሙያዎችና አርቲስቶች ተሳትፈውበታል። ቧንቧው ውኃ ያፈሳል፣ አምፖሉ ይበራል፣ ሊፍቱ ይወጣል ይወርዳል። ቺካጎ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ተቋም ደግሞ ናርሲሳ ቶርን እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1940 ያሠራቻቸው 68 ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። የዊንድሰሩም ቤት የቺካጎዎቹም ክፍሎች ስኬላቸው 1 ለ12 ነው፤ በእውነተኛው ቤት አንድ ጫማ የሆነው እዚያ አንድ ኢንች ይሆናል ማለት ነው። ዛሬም አብዛኛው የዚህ ሙያ ሰው የሚሠራው በዚሁ ስኬል ነው።

እንግዲህ በዚህ ስኬል 60 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ የወለል ድንጋይ 5 በ3.75 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በድንጋዮቹ መካከል የነበረ የ12 ሚሊ ሜትር ክፍተት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። 4 በ5 ሜትር የሆነ የገጠር ወጥ ቤት 33 በ42 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ 75 ያህል ይበቃዋል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ሳያንገራግር ለ12 ይካፈላል። አልካፈልም የሚለው የድንጋዩ ተፈጥሮ ነው። ግራናይት ከመሬት በታች በዝግታ የቀዘቀዘ ድንጋይ ስለሆነ የማዕድን ቅንጣቱ በዐይን ተለይቶ የሚታይ፣ ብዙ ጊዜም ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚደርስ ነው። ድንጋዩን ምንም ያህል ብናሳንሰው ቅንጣቱ አያንስም። 4 ሚሊ ሜትር የሆነች ነጭ ነጥብ በ1 ለ12 ቤት ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆና ትነበባለች፤ ወለሉም የድንጋይ ወለል መሆኑ ቀርቶ የድንቡሽቡሽ ጠጠሮች ክምር ይመስላል። ለመጋጠሚያ የሚደባለቅ አሸዋም እንዲሁ ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር የሆነችው ፍሬ እዚያ የ12 ሚሊ ሜትር ጠጠር ናት።

ከዚህ ጋር የተመልካቹን ርቀት ማሰብ ይገባል። ትንሿን ቤት ከ30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሆኖ የሚያያት ሰው በስኬሉ 3.6 ሜትር ርቆ እንደቆመ ይቆጠራል። ከ3.6 ሜትር ላይ ሆነን አሮጌ የድንጋይ ወለል ብንመለከት ቅንጣቱን ለይተን ለማየት እንቸገራለን። የምናየው የአንዱ ድንጋይ ቀለም ከጎረቤቱ ጥቂት መለየቱን፣ የጠርዙን መሸራረፍ፣ በመጋጠሚያው ውስጥ ያደረውን ጥቁረት፣ በገጹ ላይ ያለውን ለስለስ ያለ ወጣ ገባነት ነው። ሠሪው ማምጣት ያለበት እነዚህን ነው፤ ከእነዚህ በላይ የሚጨመር ዝርዝር ሁሉ ወለሉን ከማሳመር ይልቅ ስኬሉን ያፈርሳል።

የእንቁላል ካርቶን ወደዚህ ሥራ የገባው በዚህ በር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በየሱቁ ደጃፍ ተደራርቦ የሚታየው 30 እንቁላል የሚይዘው ግራጫ ካርቶን የሚሠራው፣ ያገለገለ ወረቀት በውኃ ተቦክቶ ወንፊት በለበሰ ቅርጽ ላይ ተስቦ ሲደርቅ ነው። በመዳመጫ ተዳምጦ እንደሚወጣ ካርቶን ለጥ ያለ ስላልሆነ ገጹ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ በሆኑ እብጠቶችና ስርጉድ ቦታዎች የተሞላ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር በ12 ሲባዛ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ተጠርቦ ከተነጠፈ በኋላ በእግር ብዛት የለሰለሰ ድንጋይ ላይ ሊገኝ የሚችል ወጣ ገባነት ነው። ካርቶኑ ድንጋይ ባይሆንም የገጹ ልክ የድንጋይ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። በዚያ ላይ ይቆረጣል፣ ይታሻል፣ ቀለም ይጠጣል፤ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም።

አሠራሩ ጥድፊያ አይወድም። በመጀመሪያ የክፍሉ ልክ በወረቀት ይነሣና በዚያው ልክ ስስ ካርቶን ይቆረጣል። ድንጋዮቹ የሚጣበቁት በዚህ ካርቶን ላይ እንጂ በቀጥታ በቤቱ ወለል ላይ አይደለም፤ ወደፊት ማውጣት ወይም መጠገን ቢያስፈልግ ቤቱ አይጎዳም። ከእንቁላል ካርቶኑ ጠፍጣፋው ክፍል ይመረጣል፤ ክዳን ያለው ዓይነት ከተገኘ ክዳኑ፣ ካልተገኘ ግን ጎድጓዳው ካርቶን በጥቂቱ ረጥቦ በከባድ ነገር ሥር ተኝቶ የደረቀው። ድንጋዮቹ በመቀስ ከተቆረጡ በኋላ ጠርዛቸው በጣት ይታሻል፤ ማዕዘናቸው ይደነዝዛል፣ እዚህም እዚያም ትንሽ ይሸረፋል። በመቀስ የወጣ ስለት ጠርዝ እንደነበረ ከቀረ ምንም ዓይነት ቀለም አያድነውም፤ እውነተኛ አሮጌ ድንጋይ ስለት ጠርዝ የለውምና። ከዚያ በነጭ ኮላ ይለጠፋሉ። ኮላው ውኃ ስላለበት ሥሩ ያለውን ካርቶን ማጣመሙ አይቀርም፤ በላዩ ፕላስቲክ አንጥፎ፣ መጽሐፍ ጭኖ ማሳደር ነው መድኃኒቱ።

ድርድሩ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ግንበኛ የሚያውቀው ሕግ እዚህም ይሠራል፦ አራት ማዕዘኖች በአንድ ነጥብ ላይ መስቀል ሠርተው አይገናኙም፣ አንድ መጋጠሚያም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሳይሰበር አይሄድም። ትልልቆቹ ቀድመው ይቀመጡና ትናንሾቹ ክፍተቱን ይሞላሉ። አስቸጋሪው የቀለሙ ስርጭት ነው። የሰው እጅ «እንደመጣ ላድርገው» ሲል እንኳ ሳያውቀው ሥርዓት ያበጃል፤ ጠቆር ያለውን፣ ፈካ ያለውን፣ እንደገና ጠቆር ያለውን እያፈራረቀ ይሄዳል። ውጤቱም የዳማ ገበታ ነው። ከዚህ የሚያድነው ቀላል ብልሃት ዕጣ ነው። በሦስት ወይም በአራት የግራጫና የቡና ዓይነት ቀድመው የተቀቡት ድንጋዮች በከረጢት ተቀላቅለው እጅ ላይ የገባው ይነጠፋል፤ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሦስት ድንጋዮች ጎን ለጎን ቢወጡም አይነኩም። በተፈጥሮም እንዲህ ይወጣሉ። በተቃራኒው ደግሞ ለዕጣ የማይተወው የእግር መንገድ ነው። ሰው ከበር ወደ ምድጃ ይሄዳል፣ ምድጃው ፊት ይቆማል፤ ጥግ ላይ ግን ማንም አይረግጥም። በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ደፍ ላይ ድንጋዩ መሐሉ ጎድጎድ ያለው የሰው እግር በዚያ በኩል ስላለፈ ነው፤ በአሻንጉሊት ቤት ውስጥም በዚያ ቤት ማን በየት እንደተመላለሰ ያላሰበ ሠሪ መልካም ወለል አይሠራም። በመንገዱ ላይ ያሉት ድንጋዮች በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተደርገው ይለሰልሳሉ፣ የጥጉ ጠቆር ብሎ ሻካራ እንደሆነ ይቀራል።

ከዚያ ጥላውን መቀባት ይመጣል። የአሻንጉሊት ቤት አንዱ ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ክፍት ስለሆነ ብርሃኑ በሰፊው ፊት ለፊት ይገባበታል፤ በእውነተኛ ቤት ግን ብርሃን በጠባብ መስኮት ገብቶ ወለሉን በአግድሞሽ ስለሚዳስሰው እያንዳንዷ እብጠት ጥላ ትጥላለች። ስለዚህ በትንሿ ቤት ወጣ ገባነቱ ቢኖርም አይታይም። ሠሪው ብርሃኑ ያልሠራውን በብሩሽ ይሠራል። ውኃ ሊሆን እስኪደርስ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም ሲፈስበት ስርጉዱ ውስጥ ወርዶ ያድራል፤ ያ ጥላ ነው። ቀጥሎ ነጣ ያለ ቀለም ውስጥ ተነክሮ በተጠረገ ደረቅ ብሩሽ ገጹ ሲዳበስ ቀለሙ የሚይዘው ጉብታውንና ጠርዙን ብቻ ነው፤ ያ ብርሃን ነው። ቀለሙ በማንኛውም ደረጃ ስስ መሆን አለበት፤ ወፍራም ቀለም ያንኑ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወጣ ገባነት ይደፍነዋል። የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ መጋጠሚያው በስቱኮ ወይም ጥቂት ቀለም በተደባለቀበት ጄሶ ይሞላና በእርጥብ ስፖንጅ ይጠረጋል። ቅደም ተከተሉ መዛነፍ የለበትም፤ ቫርኒሽ ያልቀደመው ካርቶን ስቱኮውን ስለሚጠጣው ድንጋዩ ሁሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል።

ይህን ሐሳብ የሚፈትነው ጠንካራ ጥያቄ፣ በንግሥት ሜሪ ቤት ውስጥ እውነተኛ እብነ በረድ የለም ወይ የሚለው ነው። አለ፤ ያምራልም። እብነ በረድ ግን ቅንጣቱ ደቃቅ ሊሆን የሚችል፣ እንደ መስታወት የሚወለወል ድንጋይ ነው። ባለሙያው ደም ሥሩ የቀጠነውን መርጦ ከቆረጠው ለቤቱ ልክ ይገዛል። ቀድሞ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ይሠራበት የነበረው፣ እንደ ገጽ እየተላጠ የሚሰነጠቀው ጥቁር ግራጫ ድንጋይም እንዲሁ ነው። የከተሞቻችን ኮብልስቶን በብዛት የሚጠረብበት ባዛልት ቶሎ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ቅንጣቱ ብዙ ጊዜ በዐይን አይለይም፤ አረፋ ያልያዘው ስስ ፍላጩ በትንሽ ቤት ወለል ከግራናይት እጅግ የተሻለ ድንጋይ ይመስላል። እነዚህ ሁሉ ሐሳቡን የሚያፈርሱ ሳይሆኑ የሚያጸኑ ናቸው፤ እውነተኛ ድንጋይ የሚሠራው ቅንጣቱ ሲፈቅድለት ነው፣ ካርቶንም የሚሠራው በዚያው ምክንያት ነው።

ሌላው ጥያቄ የድንጋይ ፎቶግራፍ አትሞ መለጠፍ አይቀልም ወይ የሚለው ነው። በእርግጥ ይቀላል፤ ቅንጣቱም በትክክል ያነሰ ይሆናል። ነገር ግን በፎቶው ውስጥ ያለው ጥላ ፎቶው በተነሣበት ሰዓት የቆመ ነው። መብራቱ ከግራ እየመጣ በወረቀቱ ላይ ያለው ጥላ ወደ ግራ ቢወድቅ ተመልካቹ ምን እንደሆነ ባያውቅም አንድ ነገር እንደተሳሳተ ይሰማዋል። ቀና ብሎ ከላይ ለሚያይ ወረቀቱ ይበቃው ይሆናል፤ ዐይኑን ወደ ወለሉ አጠገብ ዝቅ አድርጎ ለሚመለከት ግን የወንበሩ እግር ያረፈበት ነገር ጠፍጣፋ መሆኑ ወዲያው ይጋለጣል። በኮምፒውተር የሚታተሙ ባለ ሦስት ገጽታ ወለሎች ከዚህ ይሻላሉ፣ ችግራቸው አንዱ ድንጋይ ከስድስት ድንጋይ በኋላ ተመልሶ መምጣቱ ነው። ይህ በታታሪ ሰው ሊስተካከል የሚችል ነገር ስለሆነ መሣሪያውን መናቅ አይገባም።

ደግሞ ወለልን ማን ያያል የሚል ይኖራል። በክፍሉ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ያረፈው በወለሉ ላይ ነው፤ ዐይንም የክፍሉን መጠን የሚገምተው እየተደጋገመ ከሚሄደው የንጣፍ ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ፍራንሲስ ግሌስነር ሊ የተባለች አሜሪካዊት መርማሪ ፖሊሶች የሚሠለጥኑባቸው፣ የሞት አደጋ የደረሰባቸውን ክፍሎች የሚያሳዩ ትዕይንቶች በዚሁ በ1 ለ12 ስኬል ሠርታ ነበር፤ 18ቱ ዛሬም ባልቲሞር በሚገኘው የሜሪላንድ የሞት መንስኤ መርማሪ ቢሮ ውስጥ አሉ። ሠልጣኙ የሚፈልገው ፍንጭ ወለሉ ላይ ሊሆን ስለሚችል ወለሉን እንደ ጌጥ ማየት አይቻልም ነበር።

የካርቶኑ ሹመትም ቢሆን ዘላቂ አይደለም። ሥራው ከ1 ለ12 ወርዶ በ1 ለ48 ሲሆን ያ ግማሽ ሚሊ ሜትር እብጠት 24 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይነበባል፤ ወለሉም ሰው የሚሰናከልበት ይመስላል፣ የወረቀቱ ጭረትም እንደ ገመድ ጎልቶ ይወጣል። በዚህ ስኬል የሚሠሩ ሰዎች የእንቁላል ካርቶኑን ትተው በስሱ በፈሰሰ ጄሶ ላይ መጋጠሚያውን በመርፌ ይጭራሉ፤ በ1 ለ12 ቤት ውስጥ እጅግ ልስልስ ሆኖ የሚያስጠላው ጄሶ እዚህ ልክ ድንጋዩን ይመስላል።