ሞራው ከወጣ በኋላ፦ ስለ ማኩላ እብጠትና ስለ ዕይታ መድከም የቀረበ ዳሰሳ

በሶፊ ወረዳ ማሽላና ኦቾሎኒ አብቅሎ፣ ጫቱንም ወደ ሐረር ገበያ ልኮ የሚተዳደር አረጋዊ ገበሬ፣ ለዓመታት ዐይኑን የጋረደው ሞራ በቀዶ ሕክምና ተወግዶለት፣ መሪ ሳያሻው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ሳምንት ያ ያገኘው ብርሃን ቀስ በቀስ ሲደበዝዝበት፣ እርሱም ጎረቤቱም «ሞራው ተመለሰ» ብለው ይደመድማሉ። ሞራ ግን አንድ ጊዜ ከወጣ አይመለስም። በእነዚያ ሳምንታት ዕይታን ከሚያደክሙት ዋና ምክንያቶች አንዱ ሊቃውንተ ሕክምና የማኩላ እብጠት የሚሉት ደዌ ሲሆን፣ በጊዜው ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ በጠብታ መድኃኒት ይፈወሳል።

በ1998 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄደው ብሔራዊ የዐይን ጤና ጥናት፣ ከሕዝቡ 1.6 ከመቶው ዐይነ ሥውር መሆኑን፣ የዚህም ሥውርነት 49.9 ከመቶው ከሞራ፣ 11.5 ከመቶው ደግሞ ትራኮማ በዐይን ብሌን ላይ ከሚተወው ጠባሳ የመጣ መሆኑን ገልጾ ነበር። ስለዚህ የሞራ ቀዶ ሕክምና እጅግ ሊስፋፋ የሚገባው ሥራ ነው፤ ሥራው በሰፋ መጠን ግን ከታካሚዎቹ ጥቂቱን ብቻ የሚያገኘው ይህ ደዌም በቁጥር መብዛቱ አይቀርም።

ማኩላ በዐይን ጀርባ በተዘረጋው ሬቲና መካከል የምትገኝ ጠባብ ስፍራ ስትሆን፣ ፊደል የምንለየው፣ ክር በመርፌ የምናስገባው፣ የዘመድን ፊት ከሌላው ሰው ፊት የምናውቀው በእርሷ ነው። ቀዶ ሕክምናው የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢፈጸም የዐይንን ውስጣዊ አካል ያስቆጣልና፣ ከዚያ ብግነት ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች መንጭተው የጥቃቅኖቹን የደም ሥሮች ግድግዳ ያላላሉ፤ ከሥሮቹ የሚያፈተልከውም ፈሳሽ ወደ ማኩላ ሠርጎ በረቂቃን ከረጢቶች ይጠራቀማል። ይህን ሕመም አሜሪካዊው ሐኪም ኢርቪን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ገልጾ ጻፈ፤ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ጋስና ኖርተን በክንድ ሥር የሚሰጥ ፍሎረሲን የተባለ ቀለም ወደ ማኩላ ሲፈስ በፎቶግራፍ አሳዩ፤ ስሙም እስከ ዛሬ የኢርቪንና የጋስ ሕመም ይባላል። በዚያ ዘመን ሌንሱ ከነሽፋኑ ተነቅሎ ይወጣ ስለ ነበር ሕመሙ ይበዛ ነበር፤ ዛሬ የኋላው ሽፋን ተጠብቆ ሰው ሠራሽ ሌንስ ስለሚተከል፣ ዕይታን እስኪያደክም የሚጸናው ከመቶ ታካሚ በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ብቻ ነው።

የስኳር ሕመምተኛ፣ ቀድሞ የዐይን ውስጥ ብግነት ያገኘው፣ በቀዶ ሕክምናው ጊዜም የሌንሱ የኋላ ሽፋን የተቀደደበት ሰው ከሌላው ይልቅ ለዚህ እብጠት ይጋለጣል። ሞራው ለብዙ ዓመት ተትቶ ሲጠጥር ቀዶ ሕክምናው ይከብዳል፣ ሽፋኑም ለመቀደድ ይቀርባል፤ ስለዚህ ሐኪም ከሩቅ ለሚገኝበት ገበሬ መዘግየቱ ራሱ ከአደጋው ምክንያቶች እንደ አንዱ ሊቆጠር ይገባል እላለሁ።

እብጠቱ ሕመም የለውም፤ ዐይንንም አያቀላም፤ ብቻ የሚያዩት ነገር ይደበዝዛል፣ ቀጥ ያለው መስመር ይጎብጣል። ዐይኑ ቀልቶ ብርቱ ሕመም የተሰማው ሰው ግን የመመረዝ አደጋ ደርሶበት ሊሆን ይችላልና፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ድብዘዛ ብዙውን ጊዜ የቀረው ሽፋን መደፍረስ ሲሆን፣ በጨረር በጥቂት ደቂቃ ይጠራል፤ በቀጭን ቀዳዳ ሲያዩ የሚሻለው ድብዘዛም መነጽር የሚያቀናው ነው። ቁርጡን የሚለየው የሬቲናን ድርብርብ ንጣፎች በብርሃን የሚያነብብ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. የተገለጠው ኦሲቲ የተባለ መሣሪያ ነው።

ብዙ ዐይኖች ያለ መድኃኒትም በወራት ውስጥ ይድናሉ፤ ሆኖም መጠበቁን ብቻ የሚመክር ሐኪም ዛሬ ጥቂት ነው። የተለመደው መንገድ እንደ ኬቶሮላክ፣ ዲክሎፌናክ ወይም ኔፓፌናክ ያለ ጠብታ ከፕሬድኒሶሎን ጠብታ ጋር ለሳምንታት መስጠት ነው። የሁለቱ ወገን ጠብታዎች ኅብረት ለመከላከልም እንደሚረዳ፣ በአውሮፓ ተካሂዶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. የታተመው ፕሪሜድ የተባለው ጥናት አሳይቷል፤ የስኳር ሕመም ከሌለባቸው ታካሚዎች መካከል ሁለቱንም ጠብታዎች ካገኙት 1.5 ከመቶ፣ ከኬቶሮላክ ወገን የሆነውን ብሮምፌናክን ብቻ ካገኙት 3.6 ከመቶ፣ ከፕሬድኒሶሎን ወገን የሆነውን ዴክሳሜታሶንን ብቻ ካገኙት 5.1 ከመቶ እብጠቱ ታየባቸው። በጠብታ ያልተመለሰው በዐይን ዙሪያ ወይም በዐይን ውስጥ ትሪያምሲኖሎን በመርፌ ይሰጠዋል፤ ቤቫሲዙማብም በአንዳንዶቹ ላይ ይሞከራል፤ የዐይን ፈሳሽ ወደ ቁስሉ ተስቦ ከተያዘ ደግሞ ሌላ ቀዶ ሕክምና ያሻል። ከፕሬድኒሶሎን ወገን የሆኑት መድኃኒቶች ግን የዐይንን ግፊት ከፍ አድርገው በማይመለስ ጉዳት ላይ ሊጥሉ ይችላሉና፣ ያለ ተደጋጋሚ ምርመራ ሊሰጡ አይገባም።

እብጠቱ የሚጸናበትን ስድስተኛውን ሳምንት ታካሚው በመንደሩ ሆኖ ነው የሚያሳልፈው፤ ዐይኑ ደኅና መስሎት ቀጠሮውን ይተዋል፣ ወይም እርሻው ይይዘዋል፤ ወደ ሐረር ተመልሶ ለመምጣትም የመንገዱ ገንዘብና የሚከተለው ዘመድ ያሻዋል። ስለዚህ በሶፊ ጤና ጣቢያ በተራው የማያ ሰሌዳና በቀጭን ቀዳዳ ዕይታን የሚለካ ሠራተኛ፣ ታካሚው ከሆስፒታል በወጣበት ዕለት በካርዱ ላይ የተጻፈለትን የዕይታ ልክ ከዛሬው ጋር አስተያይቶ፣ የወረደ ሆኖ ቢያገኘው፣ ቀዳዳውም ካላሻሻለው፣ ያን ሰው በዚያው ሳምንት ወደ ሐረር የዐይን ሐኪም ሊልከው ይችላል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ካርዱ ከታካሚው ጋር ወደ ቤቱ መሄዱ ነው።