ለስኳር ሕመምተኛ የተመጠነ ገበታ

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከቤተ ሰቡ ተለይቶ ልዩ ምግብ መብላት አለበት የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የሚያስፈልገው ግን ሌላ ገበታ ሳይሆን በዚያው ገበታ ላይ መርጦና መጥኖ መብላት ነው።

አስቀድመን ሁለት ስሕተቶችን እናርማለን። ጤፍ መልካም እህል ቢሆንም እንጀራው ሆድ ሲገባ ወደ ስኳርነት ይለወጣልና ያለ ልክ ሊበላ አይገባም። ማርም የደምን ስኳር ከፍ ያደርጋል እንጂ ለዚህ ሕመም መድኃኒት አይደለም።

ለሕመምተኛው ድርሻው በሳሕን ሲወጣለት፥ ግማሹን ጎመን፥ ቆስጣ ወይም ፎሶሊያ ይያዘው፤ ሩቡን ምስር፥ ሽሮ፥ ዓሣ ወይም ጮማ የሌለበት ሥጋ፤ የቀረውን ሩብ ብቻ እንጀራ ወይም ዳቦ። ድንች ከተጨመረ በዚያው መጠን እንጀራው ይቀነስ። ለመጠጥም ውሃ ይመረጥ፤ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ጣፋጭ ለስላሳ እስከ 8 የሻይ ማንኪያ የሚደርስ ስኳር ሊኖረው ይችላል።

የኢንሱሊን መርፌ የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ምግቡን በድንገት እንዳይቀንስ፥ ጾምም እንዳይጀምር አጥብቀን እናሳስባለን፤ የደሙ ስኳር ከልክ በታች ወርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላልና።

ከዚህ ገበታ የቤቱ ሰው ሁሉ ቢካፈል ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም፤ ሕመምተኛውም ለብቻው አይበላም።