ከጮኸ ተሳስተሃል

ቅዳሜ ጠዋት መናፈሻ ውስጥ ሣር ላይ ቆሞ ረጅም ዘንግ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚያወዛውዝ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውሃ የለም፣ ዓሣ የለም። ክሩ ጫፍ ላይ በመንጠቆ ፈንታ ቁራጭ ሱፍ ታስሯል። «ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም እንዴ?» ብላችሁ አልፋችሁ ይሆናል። እኔም እንዲሁ እል ነበር፤ የ17 ዓመቷ ልጄ ከእነሱ አንዷ እስክትሆን ድረስ።

የጀመረችው ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ቤተሰብ ጋር ወንዝ ወርዳ ነው። አሁን ደግሞ «የካስቲንግ አሠልጣኝነት የምስክር ወረቀት ልወስድ ነው» አለችን። እናቷ ቀድማ የጠየቀችው እናንተም የምትጠይቁትን ነው፦ «ለመሆኑ ይሄ ምን ያበላል?» ወደዚህ ጥያቄ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኛ የምናውቀው የመንጠቆ ዓሣ ማጥመድ ላይ እርሳስ ወይም ሌላ ከባድ ነገር ይታሰራል፤ ሲወረወር ክሩን ጎትቶ የሚሄደው እሱ ነው። ፍላይ ፊሺንግ የሚባለው ግን ተገላቢጦሽ ነው። መንጠቆው ላይ ከላባና ከጸጉር የተሠራች ሰው ሠራሽ ዝንብ አለች፤ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚወረወረው ክሩ ራሱ ነው። ወፈር ያለ ክር ነው፤ በብዛት የሚሸጠው ባለ 5 ቁጥሩ፣ የመጀመሪያው 30 ጫማ 9 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያችን ታህል ክብደት ነው እንግዲህ በዘንግ አየር ላይ የምትዘረጉት፤ አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ፊት። ካስቲንግ ማለት ይሄ ነው።

እኔ ታዲያ «ቡሄ ላይ ጅራፍ ሳጮህ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ እስቲ ወዲህ በይው» ብዬ ዘንጉን ተቀበልኳት። ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት... ጧ! ደረቴን ነፋሁ። ልጄ ሳቀች።

«አባዬ፣ ከጮኸ ተሳስተሃል።»

ለካ ጩኸቱ የሚመጣው ክሩ ከኋላ ተዘርግቶ ሳያልቅ ወደ ፊት ሲሳብ ነው። ዝንብ ታስሮ ቢሆን ኖሮ ተበጥሶ ሣሩ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ጅራፍ ላይ ጀግና ያሰኘኝ ነገር እዚህ አንደኛው ጥፋት ሆኖ ቁጭ!

ቢል ጋምልና ጄይ ጋምል የሚባሉ አሜሪካውያን፣ አባትና ልጅ ናቸው፣ የካስቲንግን መሠረት በአምስት ነገር ጠቅልለውታል፤ አሠልጣኞች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። ክሩ አይላላ። የዘንጉ ጫፍ ቀጥ ባለ መስመር ይሂድ። ክሩ ሲረዝም የዘንጉ እንቅስቃሴም ይስፋ። ጉልበት በልኩና በቦታው ይሁን። አምስተኛው እኔን የጣለኝ ነው፦ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ቆም ይባላል፤ ክሩ በረዘመ ቁጥርም ቆይታው ይረዝማል። ሲያወሩት ቀላል ነው። እጃችሁ ግን አይታገስም፤ ሞክሩትና እዩት።

አሁን ወደ ምስክር ወረቀቱ። በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀውን የሚሰጠው ፍላይ ፊሸርስ ኢንተርናሽናል የተባለው አሜሪካ ውስጥ በ1965 የተመሠረተ ድርጅት ነው፤ የካስቲንግ አሠልጣኞችን መመዘን የጀመረው በ1992 ነው። ብሪታንያ ላላችሁ ጋይያ የሚባለው የአሠልጣኞች ማኅበር የራሱ ፈተና አለው። የአሜሪካው መጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና ነው፤ ከዚያ መዛኞች ፊት ሣር ላይ ይወጣል። ዒላማ መምታት አለ፤ ክሩን 75 ጫማ፣ ማለት 23 ሜትር ያህል፣ ማድረስ አለ። ክሩ አየር ላይ ሲታጠፍ የሚሠራውን ቅርጽ፣ ሉፕ ይሉታል፣ ሲታዘዙ ማጥበብና ማስፋትም አለ።

እኔን የገረመኝ ግን ይሄ አይደለም። ፈታኙ «አሁን አበላሽተሽ አሳዪኝ» ይላል! አየር ላይ ክሩ ራሱን አቋርጦ የሚቋጠርበት ጥፋት አለ። እሱን ሆን ብሎ መሥራት፣ ለምን እንደመጣ መናገር (ብዙ ጊዜ ጉልበቱ በድንገት ስለተጫነ ነው)፣ ከዚያ ለጀማሪ እንዴት እንደሚታረም ማስረዳት ያስፈልጋል። አሳምሮ የሚወረውር ሰው ሁሉ ይህንን አይችልም። እጁ ስለለመደ ምን እንደሚያደርግ ራሱም አያውቀውማ።

ልጄ መለማመጃ ተማሪ ያደረገችው እኔን ነው። የመጀመሪያ ቀን አንድ ስወረውር አምስት እርማት ሰጠችኝ፤ ክርንህ፣ አንጓህ፣ እግርህ፣ ቸኮልክ፣ ዓይንህ! ግራ ገባኝ፣ ተናደድኩም። «በቃ እኔ አልችልም» ብዬ ዘንጉን አስቀመጥኩ። እሷ ደግሞ «አባዬ ሁሌ እኔን ስታስረዳኝ እኮ እንዲህ ነው የምታደርገው» አለችኝ። የሒሳብ የቤት ሥራ ታወሰኝና ዝም አልኩ።

የሚያሠለጥኗት ሴትዮ ይህን ስትሰማ ያለቻት አጭር ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ንገሪው፣ ቀሪውን ያየሽ አትምሰዪ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጄ አምስት ደቂቃ ያህል ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ «ወደ ኋላ ዞረህ ክሩን እየው» አለችኝ፤ በቃ። ዞሬ አየሁት። ተዘርግቶ ሲያልቅ ታየኝ፣ ያኔ ወደ ፊት አመጣሁት። አልጮኸም።

ሌላም ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔን የምታስተምረኝ ግን በአማርኛ ነው። «አባዬ፣ ስላክ በአማርኛ ምንድነው?» «ላላ።» እኛ በፊደል ትምህርት ጠብቆ፣ ላልቶ ይነበባል ስንል የምንጠቀምበትን ቃል አሁን ለክር ትለዋለች። ለሉፕ ግን እስካሁን ቃል አላገኘንለትም። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን።

ሴት ልጆች ላሏችሁ ደግሞ ስለ ጆአን ዉልፍ ልንገራችሁ። በ1926 የተወለደች የኒው ጀርሲ ሴት ናት። አባቷ ካስቲንግ የሚያስተምረው ወንድሟን ነበር። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናት እናቷን አስፈቅዳ የአባቷን ዘንግ ወስዳ ወረወረች፤ የዘንጉ ጫፍ ተነቅሎ ውሃ ውስጥ ገባ! ጎረቤት ነው በመሬት መቧጠጫ ያወጣላት። አባቷ ሲሰማ ግን አልገረፋትም፤ ወደ ካስቲንግ ክለቡ ይዟት ሄደ። በ1951 ወንዶች ብቻ ከሚወዳደሩበት የርቀት ውድድር ገብታ አሸነፈች። በ1960 ደግሞ 161 ጫማ፣ ማለት 49 ሜትር፣ ወረወረች። በ1979 ከባሏ ከሊ ዉልፍ ጋር ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈተች።

እንግዲህ ምን ያበላል? እውነቱን ልናገር፦ በዚህ ብቻ የሚተዳደር ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው ቅዳሜና እሑድ የሚያስተምር፣ ወይም ወንዝ ላይ እንግዳ የሚመራ ነው። ለመምራት ደግሞ በብዙ ግዛቶች ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህ ወረቀት እሱን አይተካም። በነፃ የሚያስተምሩም ብዙ ናቸው። ለምሳሌ ካስቲንግ ፎር ሪከቨሪ የተባለው ድርጅት የጡት ካንሰር የታከሙ ሴቶችን ወንዝ ይወስዳል፤ የክንዱ እንቅስቃሴ ለስለስ ያለ ስለሆነ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ትከሻን ለማፍታታት ይረዳል ይባላል። እናቷ ይህን ስትሰማ ስለ ገንዘቡ መጠየቅ አቆመች። ለምን እንደሆነ ቤተሰቡ ያውቃል።

ልጆቻችሁን ማስሞከር ከፈለጋችሁ ዘንግ ለመግዛት አትቸኩሉ። አሜሪካ ውስጥ የትራውት አንሊሚትድ ቅርንጫፎችና የየአካባቢው ክለቦች ጀማሪን በነፃ የሚያስሞክሩባቸው ቀናት አሏቸው፤ ዘንግ ያውሳሉ። ሣር ላይ መለማመድ የዓሣ ፈቃድ አይጠይቅም። ውሃ ዳር ስትወርዱ ግን በየግዛቱ ሕጉ ይለያያል፤ ለልጅና ለአዋቂም አንድ አይደለም። ሳትጠይቁ አትውረዱ፣ ቅጣቱ ቀልድ አይደለም። ለእረፍት አገር ቤት የምትሄዱ ደግሞ፣ ባሌ ተራሮች ውስጥ ዌብ ወንዝ ላይ ከኬንያ መጥተው የተለቀቁ ትራውቶች እንዳሉ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ልጄ ካርታውን ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች።

ፈተናዋ በጸደይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ እናቷም ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ እንደጣለች መጥታ «እስቲ እኔም» አለች። ነጠላው ተነስቶ መኪና ውስጥ ገባ፤ ልጄ መነጽርና ባርኔጣ አደረገችላት፤ እናንተም እነዚህን ሁለቱን እንዳትረሱ፣ ሱፉም ቢሆን ዓይን ሲመታ ያማል። ከዚያ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደችና ዝም ብላ ታያት ጀመር።