አደጋው ሳይደርስ ምን እንቁጠር?



አንድ ቀን በእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ወጣት ሁለት ጣቶቹ በመጋዝ ማሽን ተቆርጠው ወደ ሕክምና መጣ። ቁስሉን እያከምኩ ሳለ “ማሽኑ ከዚህ በፊት ሰው ጎድቶ ያውቃል?” ብዬ ጠየቅሁት። “ኧረ ዶክተር፣ አያውቅም” አለኝ። ጨዋታችን ሲቀጥል ግን የመጋዙ መከላከያ ሽፋን ሥራ ያዘገያል ተብሎ ከተነሳ ሦስት ወር እንደሆነው አጫወተኝ። አንድ ባልደረባውም እጅጌው በማሽኑ ተይዞ ለጥቂት ተርፏል። “ታዲያ ለአለቃችሁ አልነገራችሁም?” ስለው፣ “ማንም ስላልተጎዳ ዝም አልን” ሲል መለሰልኝ።

የዚያ ሥራ ቤት የአደጋ መዝገብ እስከዚያች ቀን ጠዋት ድረስ “ዜሮ” ይል ነበር። አደጋው ግን ከሦስት ወር በፊት ጀምሮ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር።

የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ደህንነት የምንለካው ስንት ሰው ተጎዳ፣ ስንት የሥራ ቀን ባከነ በሚል ነው። እነዚህ ቁጥሮች አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን የሚነግሩን ያለፈውን ነው። ነገሩ “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” ዓይነት ይሆናል። የሙያው ባለሙያዎች እነዚህን ተከታይ አመላካቾች ይሏቸዋል። ከጉዳት በፊት የሚታዩትና የሚቆጠሩት ደግሞ ቀዳሚ አመላካቾች ይባላሉ። በእኛ ሙያ ምሳሌው ቅርብ ነው። አንድ ሰው በጭንቅላት ደም መፍሰስ ሲወድቅ ዘግይተናል። ደም ግፊቱን በየጊዜው ለክተን ቢሆን ግን ቀድመን በደረስንለት ነበር።

የተከታይ ቁጥር መልካምነት ምን ያህል እንደሚያታልል ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የተከሰተው ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2010 ዲፕ ዋተር ሆራይዘን በተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ ላይ የኩባንያ ኃላፊዎች ተገኝተው ነበር። መድረኩ ከሥራ ገበታ የሚያስቀር ጉዳት ሳይደርስበት ሰባት ዓመት መሥራቱን ለማወደስም ነበር ጉብኝታቸው። በዚያው ምሽት ጉድጓዱ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ። በዚያው ዕለት የጉድጓዱን ግፊት ለመፈተሽ የተደረገው ሙከራ የችግር ምልክት አሳይቶ ነበር፤ ግን በትክክል አልተነበበም። የሰባት ዓመቱ ንጹህ መዝገብ ስለ ጉድጓዱ የሚናገረው ነገር አልነበረም።

ታዲያ አንድ ፋብሪካ፣ የግንባታ ቦታ ወይም ጋራዥ ምን ይቁጠር? ሦስት አራት ነገሮች ይበቃሉ።

አንደኛ፣ የተነገሩ ጉድለቶች ስንቶቹ በተቀጠረላቸው ቀን ተጠገኑ? በወር 20 ጉድለት ተነግሮ 15ቱ በጊዜው ከተስተካከሉ ውጤቱ 75 በመቶ ነው። ከቀሩት አምስቱ መካከል ረጅም ቀን የቆየው የትኛው እንደሆነም ይታይ። ያ የተነሳ የማሽን ሽፋን ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ለጥቂት የተረፉ ሰዎች ጉዳይ ስንት ጊዜ ሪፖርት ተደረገ? ከፎቅ ወድቆ ሰው ያልነካ ብሎኬት፣ የተሰነጠቀ የመወጣጫ እንጨት፣ በማሽን የተያዘ እጅጌ ሁሉ ይቆጠር። ምዝገባው ሲጀመር ቁጥሩ ቢያሻቅብ አትደንግጡ። ብዙውን ጊዜ አደጋው ስለጨመረ ሳይሆን ሰው መናገር ስለጀመረ ነው።

ሦስተኛ፣ ሥልጠናው በተግባር ታይቷል? የፊርማ ወረቀት ብቻ መቁጠር አይጠቅምም። ከፍታ ላይ ከሚሠሩት አሥር ሠራተኞች ስንቱ የደህንነት ቀበቶውን በትክክል አስረው ተገኙ ብሎ ድንገት ማየት ይሻላል።

አራተኛ፣ ድምፅና አቧራ በዕቅዱ መሠረት ተለክቷል? የዓለም የሥራ ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በየዓመቱ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ ሠራተኞች ከሥራ ጋር በተያያዘ ይሞታሉ። አብዛኞቹን የሚገድለው ድንገተኛ አደጋ ሳይሆን በሽታ ነው። በሽታ ደግሞ በአደጋ መዝገብ ላይ አይታይም። በማሽን ጩኸት የሚጠፋ የመስማት ኃይል ሕመም የለውም፤ ከጠፋም አይመለስም። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገ ቦታው ሊለካ ይገባል። በጥጥ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ከእረፍት ቀን በኋላ ሥራ ሲጀምሩ ደረታቸው የሚታፈን ከሆነም የአቧራ በሽታ መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ማየት አለባቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። “አደጋ ላላስመዘገበ ክፍል ጉርሻ” የሚል አሠራር ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው አደጋውን ሳይሆን ሪፖርቱን ነው። “ዶክተር፣ ቤቴ ወደቅሁ ብለህ ጻፍልኝ” የሚል ታካሚ አጋጥሞኛል። ሽልማቱ ለተናገረና ላስተካከለ ቢሆን ይመረጣል። የተናገረ ሰው ከተቀጣ ግን ከዚያ በኋላ የሚመዘገበው ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው።

ይህ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻም አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ አደጋንና የሥራ በሽታን መዝግቦ ለሥራ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሠራተኛውም የመሣሪያ ጉድለት ሲያይ ወዲያውኑ ለአሠሪው የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

ስለዚህ አሠሪዎች፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ “ስንት ሰው ተጎዳ?” ከማለታችሁ በፊት “ምን ተነግሮን ሳናስተካክል ቀረን?” ብላችሁ ጠይቁ። ሠራተኞችም “ማንም አልተጎዳም” ብላችሁ ዝም አትበሉ። አባቶቻችን “ሳይቃጠል በቅጠል” ያሉት ለዚህ ነው። ያ ወጣት ቁስሉ ድኗል፤ ጣቶቹ ግን አይመለሱም።

ቸር ይግጠመን!