ያልዳነ ወለምታ፦ የቁርጭምጭሚት ልም አጥንት ጉዳትና ሕክምናው

ደረጃ ሲወርዱ ወይም ኳስ ሲጫወቱ እግርዎን ወለም ብሎዎት ያውቃል? አብዛኛው ወለምታ በጥቂት ሳምንታት ይድናል። ወራት አልፈው አሁንም የሚያምና የሚያብጥ ከሆነ ግን የተጎዳው ጅማት ብቻ ላይሆን ይችላል። በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ልም አጥንትም ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል።

ልም አጥንት ምንድን ነው?

ልም አጥንት የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍን ነጭና ለስላሳ አካል ሲሆን በቁርጭምጭሚት ላይ ውፍረቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። እግር በኃይል ሲጠመዘዝ አጥንቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። በዚህ ጊዜ ልም አጥንቱ ሊሰነጠቅ ወይም ከሥሩ ካለው አጥንት ቁራጭ ጋር ሊላቀቅ ይችላል። የደም ሥር ስለሌለው እንደ ቆዳ ቁስል በቀላሉ አይሽርም። ሳይታከም ከቆየ መገጣጠሚያው ቀስ በቀስ ሊበላ ይችላል።

ምልክቶቹ

• ሲራመዱ የሚብስ፣ ከውስጥ የሚሰማ ሕመም
• ከሥራ በኋላ የሚመለስ እብጠት
• የመቆለፍ ወይም እግር የመክዳት ስሜት
• በሶላት ላይ እግር አጥፎ ለመቀመጥ መቸገር

እንዴት ይታወቃል?

ከጉዳቱ በኋላ 4 እርምጃ መራመድ ካቃተዎ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ ካመመዎ ራጅ መነሣት ይገባዎታል። ሆኖም ራጅ የአጥንት ስብራትን እንጂ ልም አጥንትን አያሳይም። ስለዚህ «ራጁ ደህና ነው» ተብለው ሕመሙ ከቀጠለ ተመልሰው ሐኪምዎን ያማክሩ። ልም አጥንቱን የሚያሳየው ኤም አር አይ ሲሆን ሲቲ ስካን ደግሞ የአጥንቱን ጉዳት ስፋት በትክክል ይለካል።

ሕክምናው

ቁራጩ ካልተላቀቀ በመጀመሪያ እግሩ በጀሶ ወይም በድጋፍ ጫማ እንዲያርፍ ይደረጋል። በዚህ ካልተሻለ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል፤ ዓይነቱም እንደ ጉዳቱ ይለያያል።

1. ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ ሐኪሙ በጠባብ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ እያየ የተጎዳውን ክፍል ይጠርጋል፤ አጥንቱንም በጥቃቅን ይበሳሳዋል። ከመቅኔው የሚወጣው ደም ረግቶ ቦታውን የሚሸፍን ጠባሳ መሰል ልም አጥንት ይሠራል። ይህ ግን የቀድሞውን ያህል ጠንካራ አይደለም።
2. የተላቀቀው ቁራጭ ትልቅና ጤናማ ከሆነ ወደ ቦታው ተመልሶ በብሎን ይታሰራል።
3. ጉዳቱ ሰፊ ከሆነ ከታማሚው ጉልበት፣ ሸክም ከማይበዛበት በኩል፣ አጥንት ከነልም አጥንቱ ተወስዶ ይተከላል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ

ሐኪምዎ እስኪፈቅድልዎ ድረስ እግሩን አይርገጡበት፤ ለሳምንታት ክራንች ያስፈልግዎታል። በዚህ ወቅት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይስገዱ። ወደ ስፖርት ለመመለስ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይወስዳል። የታዘዘልዎትን የእግር እንቅስቃሴ አያቋርጡ። ሲጋራ ማጨስ የአጥንትን መዳን ያዘገያል። የሰውነት ክብደት መቀነስም የመገጣጠሚያውን ሸክም ያቀልላል። የተጎዳ ልም አጥንትን መልሶ የሚያበቅል ምግብ ግን የለም።

በመጨረሻም፣ ምንነቱ ሳይታወቅ ያበጠ ቁርጭምጭሚትን ማሸትና መጎተት ጉዳቱን ሊያብሰው ይችላል። ስለሆነም ወደ ወጌሻ ከመሄድዎ በፊት ሐኪም ይይዎ።