ቆሮሶ ብቻውን አያዋጣም

በእምድብር ከእንሰቱ አጠገብ ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ለማርባት ያሰበ ባለሀብት አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ዓሣ ከየትኛው ጋር ይኖራል ብሎ ነው።

ቆሮሶ ቶሎ ይራባል። ብቻውን ሲለቀቅ ኩሬውን በጫጩት ይሞላዋል፤ በመኖ ሽሚያ ሁሉም ይቀጭጫል። ቀጫጫ ዓሣ ደግሞ ዋጋ አያወጣም። መላው ጥቂት አምባዛ መጨመር ነው። አምባዛ ጫጩቱን እየበላ ቁጥሩን ይቀንሳል፤ ራሱም ለገበያ ይደርሳል።

ሆኖም ትልቅ አምባዛ ዋናውን ቆሮሶ ይውጣል። ስለዚህ ቆሮሶው ቀድሞ ይግባ፤ ኋላ የሚገባው አምባዛ ከእሱ ያነሰ ይሁን።

ቅዝቃዜም ይታሰብ። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ የቆሮሶ እድገት ይዘገያል። ለዓቢይ ጾም ገበያ ሊያደርስ የሚሻ ነጋዴ ይህን አስልቶ ቀደም ብሎ ይጀምር።