ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወረታን ካለፈ በኋላ አዲስ ዘመን ከተማ ይደርሳል፤ ከከተማዋ በላይም በደን የተሸፈነው ጣራ ገዳም ይታየዋል። በዚህ አካባቢ አንድ ሰው ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። የጣና ዳር ሜዳ ለወባ ትንኝ የተመቸ በመሆኑ ጥርጣሬው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ጥርጣሬ ላይ ብቻ መቆም ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰዎች ለሳምንታት በማይለቅ ትኩሳት ይሠቃዩ፣ ይከሱና ይሞቱ ነበር። ሕመሙ በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2005) ግን ካላዛር መሆኑ በምርመራ ተረጋገጠ። ካላዛር ሌይሽማንያ በተባለ ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ፣ ሳንድፍላይ በምትባል ደቃቅ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ካልታከመም አብዛኛውን ጊዜ የሚገድል በሽታ ነው። ቀድሞ ይታወቅ የነበረው በመተማና በሑመራ ቆላ ሲሆን፣ ለቀን ሥራ ወደዚያ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ወደ ወይና ደጋው እንዳመጡት ይታመናል። በአዲስ ዘመን በተከፈተው ሕክምና ከሁለት ሺህ በላይ ሕሙማን ታክመዋል።

ለመሆኑ ሁለቱን በሽታዎች ለይቶ ማወቅ ለምን አስቸገረ? ቴርሞሜትር 39 ዲግሪ ሲያሳይ የሚነግረን የሙቀቱን መጠን እንጂ መነሻውን አይደለም። በአንድ እኩልታ ብዙ ያልታወቁ መጠኖችን መፍታት እንደማይቻል እናውቃለን። ስለዚህ ነርሷ ተጨማሪ እኩልታዎችን ትፈልጋለች፦ ትኩሳቱ ስንት ቀን ሆነው? ሕመምተኛው ወደ ቆላ ወርዶ ነበርን? ክብደቱ ቀንሷልን? በግራ ጎኑ በኩል ሆዱ ሲዳሰስ ጣፊያው አብጧልን? የደም ምርመራው ወባ ያሳያልን? ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈና እነዚህ ምልክቶች ከታዩ ካላዛር መጠርጠር አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው አር ኬ 39 የተባለው ፈጣን መመርመሪያ ነው። አሠራሩ ከፊዚክስ ትምህርታችን የራቀ አይደለም። የኩራዝ ፈትል ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ፣ የመመርመሪያው ንጣፍም በቀጫጭን ቀዳዳዎቹ አማካይነት የደሙን ፈሳሽ ይስባል። በደሙ ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት ከጥቃቅን የወርቅ ቅንጣቶች ጋር ተያይዘው ይጓዛሉ። የሌይሽማንያን ፕሮቲን የሚያውቁት ብቻ በመመርመሪያው መስመር ላይ ተይዘው ሲከማቹ ቀይ መስመር ይታያል። ቢጫው ወርቅ ስለምን ቀላ? ቅንጣቱ በአሥሮች ናኖሜትር ሲለካ፣ ማለትም የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ አሥሮች እጥፍ ብቻ ሲሆን፣ አረንጓዴውን ብርሃን አብዝቶ ስለሚውጥ ነው።

ነገር ግን መስመሩ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ፀረ እንግዳ አካላት በሽታው ከዳነ በኋላም ለረጅም ጊዜ በደም ውስጥ ይቆያሉ፤ ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሕሙማን ደግሞ መስመሩ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ነርሷ “ከዚህ በፊት ለካላዛር ታክመው ያውቃሉ?” ብላ መጠየቅ ይኖርባታል። ጥርጣሬው ካልጠራም ሕመምተኛው ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ ናሙና ወደሚወሰድበት ሆስፒታል ይላካል።

እንግዲህ ከጣራ ገዳም ሥር የተገኘው ትምህርት ለሐኪሞች ብቻ አይደለም። መሣሪያ የሚለካውን ብቻ ይነግረናል፤ ምን መለካት እንዳለበት የሚወስነው ግን ጠያቂው ሰው ነው። ነገ በጤና ጣቢያም ሆነ በቤተ ሙከራ የምትሠሩ ተማሪዎች ሆይ፣ የለመዳችሁት መልስ ከማስረጃው ጋር ካልተስማማ ጥያቄውን እንደገና ጠይቁ።